የጅቡ አናባቢ

ልጅ ሳለሁ፣ ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ጸጥ ሲል እናቴ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዛ ሽሮ ትጥዳለች፤ አባቷ አባባ ወልዴ ደግሞ ጭሱ ዓይናቸውን እያስነባቸው በርጩማቸውን ወደ ፍሙ ጠጋ አድርገው ተረት ይጀምሩልኛል። አባባ የመጡት ከሩቅ ደቡብ፣ ቋንቋውን የሚናገሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ከቀሩበት የወንዝ ዳር መንደር ነው። እናቴ እንኳ በልጅነቷ ስለወጣች የቀራት ሰላምታና ስድብ ብቻ ነበር።

ደጋግመው የሚነግሩኝ አንድ ተረት ነበር። እናት ልጆቿን ቤት ዘግታባቸው ወንዝ ትወርዳለች፤ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «እኔ ነኝ» ትላለች፣ ይከፍቱላታል። ጅቡ ይህን ሰምቶ ድምፁን አቅጥኖ ይመጣል። በአባባ ቋንቋ ግን «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል መሀል ያለው አናባቢ ከ«ኦ» ሰፋ፣ ከ«አ» ጠበብ ያለ ነው። ጅቡ እሱ አይሆንለትም፣ «ኦ» ይለዋል፤ በ«ኦ» ሲባል ደግሞ ቃሉ «ራበኝ» ማለት ነው። ልጆቹ ከውስጥ ሆነው ይስቁበታል። ያኔ አባባ ፊታቸው በፍሙ ቀልቶ፣ «ኦ ልትዪ ሂጂና አ ሳትደርሺ ቁሚ» እያሉ ሲያስተምሩኝ፣ ጉንጫቸውን በጣቴ እየነካሁ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ እፈልግ ነበር። አንድ ቀን ተሳካልኝ። ከዚያ ወዲያ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር አያንኳኩም፤ ቃሉን ይላሉ፣ እኔ ሮጬ እከፍታለሁ።

ቃሉን እዚህ ልጽፈው ሞክሬ ነበር። ፊደላችን ሰባት ቤት ነው፤ ለዚያ ድምፅ የሚሆን ቤት ግን የለውም። በጻፍኩት ቁጥር የጅቡ ይሆንብኛል።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሁለት ጓደኞቼ ከሲኤምሲ ሊያጠኑ መጡ። አባባ እንደልማዳቸው ከበሩ ውጪ ሆነው ቃሉን አሉ። ልጆቹ ተያይተው ሳቁ፤ አንደኛዋ ዘበኛችሁ ነው እንዴ አለችኝ። እኔም በአባባ አፈርኩ። በሩን ሳልከፍት፣ «አባባ፣ በአማርኛ ይበሉ» አልኳቸው።

በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ አንኳኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ቤታቸውን እንደ እንግዳ እያንኳኩ ገቡ። ተረቱንም ቢሆን ከዚያ ወዲያ በአማርኛ ብቻ ነበር የሚነግሩኝ፤ ያ ቃል ጋ ሲደርሱ «ጅቡ ሳተው» ብለው ያልፉታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ይቅርታ ልጠይቃቸው ከዛሬ ነገ ስል ቀበርናቸው።

አሁን ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ስታለቅስብኝ፣ ሻማ ለኩሼ ያንኑ ተረት፣ የጅቡን ስህተት ጭምር፣ ነገርኳት። አንድ የቋንቋ ተማሪ በአንድ ወቅት አባባን ቃላት እያስጠራ ቀድቷቸው ነበር፤ ያ ድምፅ ስልኬ ውስጥ አለ። «እኔ ነኝ» የሚሉበትን ከፈትኩላት። ሳል ቀደማቸውና አሉት። እኔም ተከትዬ አልኩት፣ ሦስት ጊዜ፣ ልክ መሰለኝ። ልጄ አፌን ትክ ብላ አየችው።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ‹ራበኝ› ነው ያልሽው» አለችኝ።

ብሞክር ብሞክር ያው ሆነ። የእሷ ጆሮ ይለየዋል፤ የሚያስተምራት አፍ ግን እኔ ዘንድ የለም። የአባባን ድምፅ ደግሜ ከፈትኩት። እሷ ጨዋታው ገብቷት ኖሮ፣ ቃሉን ስትሰማ ተነስታ ሮጠችና የቤታችንን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ደረጃው ጨለማ ነበር፣ ማንም የለም። ዝጊው ማለት አቃተኝ።