ትንኟ መኪና

ሬድዮኑን ያስገባሁት በቅናት ነው፤ ምን እደብቃለሁ። በንጉሡ ዘመን፣ ነቀምቴን እኛ ለቀምት እያልን በምንጠራት ጊዜ፣ እኔና ባሌ በአንዲት አሮጌ መኪና ከነቀምቴ አርጆ ሰው እናመላልስ ነበር። መሪው የእሱ፣ ምላሱ የእኔ። እሱ ይነዳል፤ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ሰው እጠራለሁ፣ ሒሳብ እቀበላለሁ፣ ሲያስፈልግም እሳደባለሁ። ረዳታችን ከኋላ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ከዚያች መኪና ሌላ እርሻም ሱቅም አልነበረንም።

አንድ ቀን በዚያው መንገድ የሚሠራ ባለመኪና ሬድዮ አስገብቶ ብቅ አለ። ሲሬ ከተማ ያደገ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ምላሱ ከእኔም የማይተናነስ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ጎረፈ። በሠርግም በለቅሶም ያመላለስናቸው የእኛ ደንበኞች አይተውን እንዳላዩ ማለፍ ጀመሩ። አንዲት ዘወትር ከእኛ ጋር የምትሳፈር ቅቤ ነጋዴ ስጠራት፣ «አዴ፣ የእናንተ እኮ ዝም ይላል» ብላኝ ወደዚያኛው ሄደች። ደሜ ፈላ።

«ሰው መኪና የሚሳፈረው ሊሄድ ነው ወይስ ሊዘፍን?» አልኩት ባሌን።

«ኤዬ» አለ።

ኤዬ በኦሮምኛ አዎ ማለት ነው። ባሌ የአርጆ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ከጎጃም የመጡ ነጋዴ ልጅ፣ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁ። ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። በዚያ ሰሞን ግን ባሌ ለሁሉም ነገር ኤዬ ማለት አብዝቶ ነበር። «ሊዘፍን ነው ወይ?» ስለው ኤዬ፣ «እንግዲያ ሬድዮ ላስገባ?» ስለው ኤዬ። እኔም አስገባሁ።

ባኬ ጃማ በሚባለው ሠፈር ሬድዮ የሚጠግን ሰው ነበር፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ካቻቪቴውን እንደ እስክርቢቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ የሚሄድ። ሬድዮኑን ከመሪው አጠገብ ገጠመው። ድምፅ ማጉያዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱን ለተሳፋሪው ከኋላ ሰቀለው፣ ሌላውን ቦታ ስላጣለት ከሾፌሩ ራስ ጀርባ፣ ግራ ጆሮው ሥር አደረገው። ሞተሩ ሳይነሳ ሞከርነው። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ሠፈርተኛው ተሰበሰበ። እኔማ ቀሚሴን ሰብስቤ እንደ ሙሽራ ጋቢና ገባሁ።

ባሌ ሞተሩን ሲያስነሳ ከዘፈኑ ሥር አንድ ነገር «ዊዊዊ» ማለት ጀመረ። ነዳጅ ሲረግጥ ጩኸቱ እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣል፤ እግሩን ሲያነሳ ይወርዳል። ማርሽ ሲቀይር እንደ አዲስ ከታች ይነሳል። ሬድዮኑን ስንዘጋው እሱም ጸጥ ይላል። «ሲቆይ ይለቀዋል» አለኝ ጠጋኙ፤ ጉንፋን ይመስል።

አለቀቀውም። ሳምንት ሳይሞላ ስም ወጣልን። መናኸሪያው ላይ «ትንኟ መጣች» ይሉናል። የሲሬው ልጅማ የእኔን ተሳፋሪዎች እየጠበቀ፣ «እናቴ፣ አጎበር ይዘሻል?» እያለ ያስቅብኛል። እኔንም ሊያስቀኝ ነበር፤ ግን ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሰደብኩት።

ጠጋኙን ቁም ስቅሉን አሳየሁት። መጀመሪያ ሽቦው ላልቶ ነው አለና አጠበቀው፤ ጮኸ። ቀጥሎ አንቴናው ሥር ጭቃ ገብቷል አለ። እውነትም ቀይ አፈር ጠቅጥቆበት ነበር፤ ጠርገን አደረቅነው፤ ጮኸ። ከዚያ ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው ሽቦ የታሰረው ቀለም ላይ ነው፣ ብረቱን አልነካም ብሎ ቀለሙን ፋቀው። ያን ቀን የቀነሰ መስሎኝ ነበር፤ ምኞቴ ነው እንጂ አልቀነሰም። በመጨረሻ ድምፅ ማጉያዎቹ ራሳቸው ብልሹ ናቸው ሊለኝ ሲጀምር፣ «ወንድሜ፣ ታዲያ ሞተሩ ሲጠፋ ጥርት አድርገው የሚዘፍኑት እነማን ናቸው?» አልኩት። ራሱን አከከ። አስቦ አስቦ፣ «እንደሱ ከሆነ ጩኸቱ ከሞተሩ ነው የሚመጣው» አለኝ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምለው ይህንኑ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያናደደኝ ግን ባሌ ነው። እኔ እንዲህ ስባዝን እሱ «ዲሲ» ይለኛል፤ ተይው ማለቱ ነው። «ምን አስቸገረሽ? ዲሲ።» ለመሆኑ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ጆሮው ሥር እየጮኸበት እንዴት ይመቸዋል? እሱን ግን ተመችቶታል። በክረምቱ ኩርፍርፍ ያለ ሰው ሆኖብኝ ነበር። ስጠራው አይዞርም፣ ሳዋራው ኤዬ ብሎ ወደ መኝታው። የናቀኝ መስሎኝ ነበር። ደግሞ አንድ ልማድ አለኝ፤ ስናደድ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በሹክሹክታ እሰድበዋለሁ። ድሮ ይሰማኝና በሳቅ ይፈነዳ ነበር። መሳቁን ሲተው የሆነ ነገር በመካከላችን የሞተ መስሎኝ አልቅሻለሁ። ትንኟ ከገባች ወዲህ ግን ፊቱ ፈካ፣ እየነዳ ማፏጨት ጀመረ። ፉጨቱ ደግሞ ከሬድዮኑ ዘፈን ጋር በጭራሽ አይገጥምም።

ጠጋኙ በመጨረሻ ኮፈኑን ከፍቶ ዲናሞው ላይ አንዲት ጣት የምታህል ኮንዴንሰር አሰረ። «ጩኸቱን ይህች ትውጠዋለች» አለኝ፣ ሽቦዋን በጣቱ እያሳየኝ። «ይህች ሽቦ ከተነቀለች ግን ይመለስብሻል።» ሞተሩ ሲነሳ የተሰማው ዘፈኑ ብቻ ነው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ባሌ ነዳጅ ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞሮ አየ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለ።

አውራ ጣቴን ወደ ጠጋኙ ቀስሬ «ተሠራ» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ።

በማግስቱ የአርጆ ገበያ ነበር። የጥንቱ ደንበኞቼ ተመልሰው መኪናዋ ጢም አለች፤ ቅቤ ነጋዴዋም አለችበት። እኔ ጋቢና ሆኜ ከዘፈኑ ጋር እያንጎራጎርኩ ነው። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ማርሽ ቀንስልኝ እያለ ሲለምን ለእኔ እንኳ ይገባኛል፤ ባሌ ግን ዝም ብሎ ይረግጣል። ዘግይቶ ሊቀይር ሲል ማርሹ ተፋጨ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬን ያዘ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ታኮ ከጎማው ሥር አስገባ። ከኋላ አንዲት እናት «ያ ዋቅ» አሉ፤ አምላኬ ማለታቸው ነው። ሬድዮኑ ምንም እንዳልሆነ ዘፈኑን ቀጥሏል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት። አልዞረም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩለት፤ አሁንም አልዞረም። ትከሻውን ስይዘው ዞሮ አፌን አየ። ዓይኔን አይደለም፣ አፌን። ያኔ ገባኝ።

ከተሳፋሪዎቹ አንድ አዛውንት ወርደው በመስኮቴ በኩል መጡ። «ልጄ፣ ባልሽ መስማት ካቆመ እኮ ቆየ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ወራጅ ሲኖር ጣራውን የምንደበድበው ለምን መሰለሽ?» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የአርጆ መንገድ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ከጎኑ እየተኛሁ አላወቅሁም።

ይዤው ከመንገዱ ዳር ወጣሁና ጆሮው ሥር ገብቼ እየጮኽኩ ጠየቅሁት። ከክረምት ወዲህ ሞተሩ አይሰማውም። የሚነዳው በእግሩ ነበር፤ የወለሉን መንቀጥቀጥ እየጠበቀ ማርሽ ይቀይራል፣ ቤት ሲገባ ከፍርሃቱ የተነሳ ሰውነቱ ይዝላል። «ያ ነገር ጆሮዬ ሥር ሲጮኽ ግን እሱ ይሰማኝ ነበር» አለኝ። «ሲወጣ አውቃለሁ፣ ሲወርድ አውቃለሁ። እግዜር የላከልኝ ነበር የመሰለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መንጃ ፈቃዴን ቢወስዱትስ? ከመሪ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

አንጀቴን በላው፣ ወዲያውም አናደደኝ። «ይህን ሁሉ የሰው ልጅ ጭነህ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። እኔም አልራራሁለትም፤ ጆሮህ ሳይታይ ሰው አትጭንም አልኩት፣ ይህንንም እየጮኽኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። ይስማ።

በዚህ መሐል የማን መኪና ከኋላችን ብትደርስ ጥሩ ነው? የሲሬው ልጅ። ራሱን በመስኮት አውጥቶ ሊቀልድ አፉን ሲከፍት ባሌን አየና ዘጋው። ሄጄ ተሳፋሪዎቼን እንዲወስድልኝ ለመንኩት። ከምላሴ እንዴት እንደወጣ እኔ ነኝ የማውቀው። «እሺ፣ እቴቴ» ብሎ የራሱ ላይ አጨናንቆ ጫናቸው፤ የአዛውንቱን እቃ እንኳ ራሱ አነሳ። ቅቤ ነጋዴዋ ስትወርድ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ከዚያ በኋላ ያን ሰው ከልቤ ሰድቤው አላውቅም፤ ለወጉ ያህል ካልሆነ።

ባዶ መኪና ይዘን ቀረን። ኮፈኑን ከፈትኩና ያችን ሽቦ በገዛ እጄ ነቀልኳት። ሞተሩ ሲነሳ «ዊዊዊ» ከነሙሉ ጉልበቱ ተመለሰ። የባሌ ትከሻ ሲረግብ አየሁ፤ ማርሹም ሳይፋጭ ገባ። ወደ ነቀምቴ የተመለስነው ቀስ ብለን ነው፤ እኔ ከኋላ መኪና ሲመጣ ጭኑን እየነካሁ፣ ረዳቱ በየመታጠፊያው ወርዶ እያየልን። ስንት ጊዜ የረገምኩትን ጩኸት ያን ቀን አደራህን እንዳትጠፋ እያልኩት መጣሁ።

በነጋታው ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። ወረፋ ስንጠብቅ መንጃ ፈቃዱን በኮት ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ይዞታል፤ አሁን የሚቀሙት ይመስል። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ ማለት ነው፣ በባትሪ ጆሮውን አየና ወደ እኔ ዞረ። «እዚህ ውስጥ ማን ነው ወጥ የሠራው?» አለኝ።

ለካ በክረምቱ ጆሮውን ሲያመው አርጆ ያሉት እናቱ ቅቤ አቅልጠው አፍስሰውበት፣ ብርድ እንዳይገባው በጥጥ ወትፈውለት ኖሯል። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ሕመሙ ለቀቀው፣ ጥጡ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ እዚያው ተረሳ። ቅቤው ከጆሮው ኩክ ጋር ደረቀ፣ በሾፌሩ መስኮት የሚገባው የመንገድ አቧራ ደግሞ ላዩን መረገው። ሁለቱም ጆሮ እንደዚያው ነው። ድሬሰሩ ማለስለሻ ጠብታ ሰጠንና እስኪለሰልስ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁመን ሰነበትን። ስንመለስ ለብ ያለ ውሃ መርፌ በሌለው ስሪንጅ እየረጨ አጠበለት። ሳህኑ ላይ የወጣውን ነገር አልገልጸውም፤ ምግብ የሚበላ ሰው ያነበው ይሆናል።

ባሌ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። «ውሃ ይንጠባጠባል» አለ። እውነትም ጥግ ላይ ያለችው ቧንቧ በደንብ አልተዘጋችም ነበር። የቀኙ ጆሮ እስከ ዛሬ ትንሽ ይከብደዋል፤ ግራው ግን ያን ቀን ተከፈተ። ድሬሰሩ በሹክሹክታ ከኋላው ሆኖ ስሙን ጠራው፣ ዞረ። መንጃ ፈቃዱን የያዘውን እጁን ያኔ ነው ከኪሱ ያወጣው።

ወጥተን መኪናችን ውስጥ ገባን። ሞተሩን አስነሳ፤ እኔ ሆን ብዬ ሬድዮኑን ከፈትኩት። «ዊዊዊ» ሲል ደንግጦ በሩን ከፍቶ ሊወርድ ደረሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ። «በዚህ ጩኸት ነው ሰው ስታመላልሺ የከረምሽው? ጆሮ የለሽም? ዛሬውኑ ይሠራ።»

«ዲሲ» አልኩት። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና እንደ ልማዴ በሹክሹክታ፣ «አንተ አህያ፣ ከእኔ ትደብቅ?» አልኩ።

«ሰማሁሽ» አለኝ።