የኅዳር እንግዳ

ጎረቤቴ ሺገዞ ኢናባ በመንገዳችን ሐኪም ቤት የማይረግጥ ብቸኛው ሽማግሌ ነበር። ዕድሜው ሰማንያ ሦስት፤ የቀድሞ ሥራው የመርከብ ሞተር ጥገና። ከወደቡ በላይ ባለው ሰፈራችን ከሦስት ሰው ሁለታችን ሰባን አልፈናል፤ ከእሱ በቀር ሁላችንም ጠዋት ጠዋት ወደ ክሊኒኩ እንወርዳለን። በሩ ሳይከፈት ካርዳችንን ደጁ ላይ ባለችው ሣጥን ውስጥ በተራ እንጥላለን፤ ጉልበታችን በማሽን ይሞቅልናል፤ ለወገባችን የሚለጠፍ መድኃኒት ይታዘዝልናል፤ ወሬያችንን አውርተን እንመለሳለን። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ያን ያህል አያመኝም። ቤቴ ዝም ስለሚል ነው።

ከተማችን ዓመቱን ሙሉ በጤና መድኅኑ ላልታከመ ሰው በየኅዳሩ የምስጋና ወረቀትና ፎጣ ይሰጣል። ለኢናባ ይህን ይዛ የምትመጣው የማዘጋጃ ቤቱ የመድኅን ክፍል ሠራተኛ ወይዘሪት ሂዳካ ነበረች። ጫማዋን አውልቃ ትገባለች፤ ለሟች ሚስቱ ፎቶ ጎንበስ ትላለች፤ ሻይ እየጠጣች ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። ሚስቱ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፤ ከፎቶዋ ጎን አሥራ አንድ ወረቀት ተሰቅሏል። ልጅ አልወለዱም። ከሂዳካ ሌላ ጫማውን አውልቆ እዚያ ቤት የሚገባ ሰው አላውቅም። እኔም ሠላሳ ዓመት ከመንገዱ ማዶ ስኖር ከደጃፉ አላለፍሁም።

አንድ ቀን አትክልት በከረጢት ይዞ በክሊኒኩ በኩል ሲያልፍ፣ ዓሣ ነጋዴ የነበረችው እትዬ ኪኑ በመስኮት ጠራችው።

«ጋሽ ኢናባ! ይግቡ እንጂ፣ እዚህ የጉልበት ማሞቂያም ሐሜትም አለ!»

«አልታመምኩም።»

«እኛስ መች ታመምን!»

ሁላችንም ሳቅን።

«የመድኅኑ መዋጮ በየዓመቱ የሚጨምረው በእናንተ ነው» አላት።

«የእርስዎን ድርሻ እየታከምንልዎት እኮ ነው፤ ያመስግኑን!»

እሱም ፈገግ አለና ዳገቱን ተያያዘው። ግማሽ መንገድ ላይ ከረጢቱን አስቀምጦ ጎኑን ሲይዝ አየሁት። ነሐሴ ነበር።

በመስከረም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ።

«ከስተዋል» አልሁት።

«ሽንቴ ውስጥ ደም አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«በሐምሌ።»

«ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

«ከኅዳር በኋላ።»

«ሰው ለፎጣ ብሎ ይሞታል?»

«ፎጣማ ቁም ሣጥኑን ሞልቶታል።» ወደ ውስጥ ዞር ብሎ ከግድግዳው ሥር ያለችውን የእንግዳ መቀመጫ ትራስ አየ። «አንተ መምህር፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አስተምረህ ነገሩ ፎጣ መሰለህ?»

እጁን ይዤ መጎተት ነበረብኝ፤ አላደረግሁትም። በማግስቱ ጠዋት ካርዴን ሣጥኑ ውስጥ ጥዬ ጉልበቴን አሞቅሁ።

ኅዳር ገባ። ኢናባ ኮቱን ለብሶ ሦስት ቀን ጠበቀ። በአራተኛው ቀን ወረቀቱ በፖስታ መጣ። ከእሱ ጋር አጭር ደብዳቤ ነበረ፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። የአረጋውያን ቁጥር በመጨመሩና የሕክምና ወጪ በመናሩ መድኅኑ ተቸግሯል፤ ሠራተኛም ቀንሷል፤ ስለዚህ የዘንድሮው በፖስታ ተልኳል፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ግን ሽልማቱ ቀርቷል።

«ቆጥቤላቸው ነበር እኮ» አለ። አልተቆጣም፤ የጠፋበትን ዕቃ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

ደብዳቤው የሚለው ውሸት አይደለም። እኛ ያልታመምነው በየጠዋቱ የመድኅኑን ገንዘብ እናስወጣለን፤ የታመመው ሰው ደግሞ እየቆጠበ ይሰነብትና፣ በሐምሌ ቢታይ ቀላል የነበረው ነገር ከብዶ ይመጣል። እሱም እኛም ስንፈልግ የኖርነው አንድ ነገር ነው፤ ያ ነገር ግን መድኅኑ ከሚሸፍናቸው መካከል አልተጻፈም።

በማግስቱ ያንኑ ኮት ለብሶ ክሊኒክ መጣ። እትዬ ኪኑ ጠጋ አለችለት።

«ይቀመጡ፤ ቦታ ይዤልዎታለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የዘገዩት!»

ሳቀ። ሐኪሙ ግን አይቶት ሲያበቃ አልሳቀም፤ በዚያው ቀን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከው። እኔም አብሬው በአውቶቡስ ሄድሁ።

ሆስፒታል ለመተኛት የሚሞላው ፎርም ላይ «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው» የሚል መስመር አለ። ብዕሩን አንስቶ «ሂዳካ፣ የመድኅን ክፍል» ብሎ ጻፈ፤ የማዘጋጃ ቤቱን ስልክ በቃሉ ያውቀዋል።

«ልጅዎ ናት?» አለችው ነርሷ።

«በኅዳር ትመጣለች።»

ነርሷ እኔን አየችኝ። ብዕሩን ተቀብዬ ከሥር ስሜን ጻፍሁ። ዝምድና በሚለው ላይ የምጽፈው ጠፋኝና «ከመንገዱ ማዶ» ብዬ ጻፍሁ።

አነበበው። «ጫማህን አውልቀህ ገብተህ እንኳ አታውቅም» አለኝና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «የዘንድሮውን ወረቀት ስቀልልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ቤቱን ከፈትሁ፤ ጫማዬን አወለቅሁ። ትራሷ ተራግፋ፣ ሁለት የሻይ ስኒ ታጥቦ ተደፍቶ ነበር። መዶሻ ፈለግሁ። አላስፈለገም፤ ከአሥራ አንዱ ወረቀት ጎን አሥራ ሁለተኛው ምስማር አስቀድሞ ተመቷል።