ኮምፒዩተሩን የረቱት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ነው። ሰው በጠረጠርኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ሰው መጠርጠር እስከ ዛሬ አልተውኩም።

መሥሪያ ቤቱ የነበረው ኮምፒዩተር አንድ ነው፤ እሱም እኔ ጠረጴዛ ላይ። ውስጡ የቼዝ ጨዋታ ነበረበት። ጀነሬተሩ ካልጠፋ በምሳ ሰዓት እየተፈራረቅን እንጫወታለን፣ እየተፈራረቅን እንሸነፋለን። አንድ ቀን ባሕር ዳር ለሚደረግ የሠራተኞች ውድድር ከእኛ አንድ የቼዝ ተጫዋች እንዲላክ ደብዳቤ መጣ። ሥራ አስኪያጁ፣ «ኮምፒዩተሩን ያሸነፈ ይሄዳል» አሉ። ባሕር ዳርን አይቼ አላውቅም ነበር። እንደዚያ ቀን መሄድ ያማረኝ ጊዜ የለም።

በሳምንቱ ጋሽ ብርሃኑ አሸነፉት። ጋሽ ብርሃኑ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ደሃና ወረዳ፣ በቄስ ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው፤ ቼዝ የሚባል ነገር ያዩት እኔ ቢሮ ነው። በማግስቱም አሸነፉ።

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። እኔ እንኳ በአሥር ደቂቃ የምረታቸው ሰውዬ ይህን ማሽን በምን ተአምር ይረቱታል? ፋይል የማደራጅ መስዬ አጠገባቸው ቆምኩ። ሲጫወቱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ኽምጣንጋ ነው እንዳልል የአገሩን ቋንቋ እሰማለሁ፤ አይደለም። ድግምት ነው ልል ምንም አልቀረኝም።

በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱን እርምጃ ጻፍኩ። በአራተኛውም ጻፍኩ። ሁለቱን ወረቀት ሳስተያይ ሠላሳ አንዱም እርምጃ አንድ ነው፤ የእሳቸውም፣ የኮምፒዩተሩም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ኮምፒዩተሩ ለአንድ እርምጃ አምስት ሴኮንድ ብቻ እንዲያስብ ተደርጎ ነበር። በአምስት ሴኮንድ ደግሞ ለአንድ ዓይነት እርምጃ ሁልጊዜ ያንኑ ነው የሚመልሰው።

ሥራ አስኪያጁ ባሉበት ሊጫወቱ በቀረቡ ቀን ቀደም ብዬ የማሰቢያ ሰዓቱን አንድ ደቂቃ አደረግኩት። ዘጠነኛው እርምጃ ላይ የጋሽ ብርሃኑ እጅ ቆመ።

«ይኼ የሱ መልስ አይዶለም» አሉ።

ሰው ሳቀ። ብዙም ሳይቆዩ ተሸነፉ። ወረቀቶቼን አውጥቼ ለሁሉም አሳየሁ።

«አዎ፣ በቃሌ ይዠዋለሁ» አሉ ሳይቆጡ። «ሲቸኩል ያችን የዳሯን ወታደር ይበላል፤ ንጉሡን ያጋልጣል። ይችን ለማግኘት ከደብዳቤው በፊት ሁለት ወር ሙሉ ተሸንፌያለሁ። ካገኘኋት በኋላ እንደ ዳዊቴ ያዝኋት። ይኼ ማጭበርበር ነው ልጄ?»

«ነው እንጂ ጋሼ! እርስዎ መች ቼዝ ያውቃሉ?» አልኳቸው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት እኔ ቢሮ መጥተው አያውቁም። ሥራ አስኪያጁም፣ «እንግዲያው ነገሩን የደረሰችበት ትሂድ» አሉ። ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ተሸንፌ፣ ሐይቁን አይቼ ተመለስኩ።

ጋሽ ብርሃኑ ጡረታ ወጥተው ደሃና ገብተዋል። ሄጄ አንድ ነገር ልነግራቸው ስንት ጊዜ አስቤ አፍሬ ቀርቻለሁ። ሰዓቱን መጀመሪያውኑ አምስት ሴኮንድ ያደረግኩት እኔ ነበርኩ፤ ማሸነፍ ቢያቅተኝ፣ ተደብቄ። እንደዚያም አድርጌው አንድ ቀን እንኳን አላሸነፍኩትም።