የተለየው ሳህን

ለአንድ የጉዞና የምግብ መጽሔት እጽፋለሁ። ሥራው ለሚያየው ያስቀናል። መኪና ይዞ መሄድ፣ የሰው ቤት ገብቶ መብላት፣ ከዚያ ስለበሉት ማውራት ነው። እኔም ብዙ ዓመት ኮርቼበታለሁ። አሁን አልኮራበትም።

አገሩን አላውቀውም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ከወዲሁ ልናገር፦ ተወልጄ ያደግሁት ቦንጋ ነው። አያቴ ከሰሜን ተሹመው የመጡ ሰው ናቸው፤ የካፋን ቋንቋ ካፊኖኖን የማውቀው ለገበያ የሚበቃኝን ያህል ቢሆንም የከተማውን ወግ ግን ከነክፋቱ አውቀዋለሁ።

እትዬ የምላቸው ሴት ከመናኸሪያው አጠገብ ባለአራት ጠረጴዛ ምግብ ቤት ነበራቸው። ከዋጫና ከደካ የሚመጡ ሾፌሮች፣ መምህራንና የቢሮ ሰዎች እዚያ ይበላሉ። በአዘቦት ቀን ቆጮ በአይብና በጎመን፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ለጿሚው ቦዬ፣ ያንን ድንች መሰል ሥር፣ ጠብሰው ያቀርባሉ። ያሳበደኝ ቦዬው ነው። ከላይ ጠቆር ያለ፣ ውስጡ ነጭ፣ ጢስ ጢስ የሚል፤ አጠገቡ ከጫካ የተለቀመ ጥምዝ የገባበት ዳጣ። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ በላሁና ሙያውን ከማን እንደተማሩ ጠየቅኋቸው።

"ከእናቴ" አሉኝ።

"እናትዎ የት ነው ያሉት?"

ጠረጴዛውን ወለወሉ። ከዚያ "በመኪናህ ትወስደኛለህ? ካየኋት ቆየሁ" አሉ።

ወሰድኳቸው። የመንደሩን ስም ዛሬ አልጠራውም። ከጫካው ዳር ነው። እናታቸው በጣም ያረጁ ሴት ናቸው፤ ከከሰል ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብለው አገኘናቸው። ከሰሉ ከወጣ በኋላ በሚቀረው ረመጥ ውስጥ ቦዬ ቀብረው ነበር። በእንጨት ጭረው አወጡና አመዱን አራግፈው ሰጡኝ። እዚያው ቆሜ በላሁ። እንደዚያ የጣመኝ ነገር የለም።

ስንመለስ እትዬ መንገዱን እያዩ "ስሜን እንዳትጽፍ" አሉኝ። "በፍጹም እትዬ" አልኩ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። የቦንጋ ልጅ ስለሆንኩ የቀረውን መናገር ያስፈልጋል ብለው አላሰቡም።

ስማቸውን አልጻፍኩም። የመናኸሪያውን አካባቢ ጻፍኩ። አራቱን ጠረጴዛዎች፣ የእናታቸውን ጉድጓድ፣ ረመጡን፣ በከሰል የጠቆሩ ጣቶቻቸውን ጻፍኩ። "የቦንጋ ምርጥ ምግብ የተወለደው ከከሰል ጉድጓድ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገርም አበጀሁ። አዘጋጁ ወደደው፤ እኔም ወደድኩት። የከተማው ልጆች አገራችን ተጻፈች ብለው በቴሌግራም ተቀባበሉት።

ቦንጋ ያደገ ሰው ግን ያንን ሲያነብ የሚያነበው ስለ ቦዬ አይደለም። ከጫካ ዳር ከሰል የሚያከስሉት የየትኛው ወገን ሰዎች እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ድሮ አውሬ ይበላሉ ተብለው ከሰው ቤት አይገቡም፣ እነሱ የበሉበት ዕቃ አይበላበትም ነበር። ነበር እላለሁ። በስብሰባ ላይ ቀርቷል ይባላል፤ በሰው ሆድ ውስጥ ግን አልቀረም። እናቴ ከሰል ይዘው ለሚመጡት ሴቶች ምሳ የምትሰጣቸው ከበር ውጭ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ነበር። ሳህን ሞልቶን ነው። እኔ በዚያ በር ስገባና ስወጣ አድጌ፣ በአንድ የቀድሞ ጽሑፌ "በካፋ ምግብን በለምለም ቅጠል ማቅረብ የእንግዳ ክብር ነው" ብዬ ጽፌያለሁ። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ከወራት በኋላ ለሌላ ሥራ ወደ ቢታ ገነት ሳልፍ ቦዬ ልበላ ብዬ ቦንጋ ወረድኩ። ምግብ ቤቱ የለም። የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆኗል። አንድ የድሮ ደንበኛ፣ ሽበት የጀመረው ሾፌር፣ አወቀኝና እጄን ጨበጠኝ።

"አንተ አይደለህ የጻፍከው? ጥሩ አደረግህ" አለኝ። "እኛ እኮ አናውቅም ነበር። ስንት ዓመት በላን!" አለና አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

መልስ ልሰጠው ይገባኝ ነበር። እጁን መልሼ ጨብጬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

በማግስቱ መንደሩ ሄድኩ። እትዬ ጉድጓዱ ላይ አፈር እየመለሱ ነበር፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሯል። ከስተዋል። ይቅርታ አልኳቸው፤ ደጋግሜ አልኩ። አካፋውን ሳይጥሉ ሰሙኝ።

"ስሜን አልጻፍክም" አሉ። "ቃልህን ጠብቀሃል።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ልሂድ ብዬ ስነሳ "ሳትበላማ አትሄድም" ብለው ወደ ቤት ገቡ። በፌስታል የተጠቀለለ ሳህን ይዘው ወጡ። አወቅሁት፤ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው የምግብ ቤታቸው ሳህን ነው።

"አይዞህ፣ የኛ ሰው አልበላበትም። ለከተማ ሰው ብዬ ለብቻው ያስቀመጥኩት ነው" አሉኝ።

"እትዬ፣ እናንተ በምትበሉበት ልብላ" አልኩ።

"ተው ልጄ" አሉኝ፤ ቁጣ የለበትም። "ነገ ትጸየፋለህ።"

ቦዬውን ፈልጠው ዳጣውን ጨመሩና ሳህኑን ሰጡኝ። ጣዕሙ ያው ነው፤ ምንም አልጎደለበትም። እትዬና እናታቸው ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡና በእንሰት ቅጠል በሉ። ስጨርስ ሳህኑን ተቀበሉኝ፣ አጠቡት፣ ወደ ፌስታሉም መለሱት።