ኤግዚቢት የተባለው ዳቦ

ወታደሩ ሳንጃውን ዳቦው ውስጥ ሲሰካ እኔ ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። የልጅ ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣለች። ሳንጃውን መዘዘና ጫፉን አየው። ከፍርፋሪ በቀር ምንም አልነበረበትም። ሁለተኛውንም ወጋው፤ ቀጥሎ ሦስተኛውን። ዳቦዎቹ ሙቀታቸው ገና አልለቀቃቸውም ነበርና የጥቁር አዝሙድና የኮባ ሽታ መኪናውን ሞላው።

«እምዬ፣ ዳቦዬን ለምን ይወጋዋል?» አለችኝ።

«ሊያየው ነው» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ልጅቷ አምስት ዓመት የሚሞላት በዚያ ዕለት ነው። አባቷ፣ የልጄ ባል ማለት ነው፣ ደባርቅ ወስዶ ጭላዳ ሊያሳያት ቃል ገብቶላት ነበር። ደረታቸው ቀይ የሆኑትን ዝንጀሮዎች በቴሌቪዥን ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ተከፍቷል ተባለ። አማቼ ከወንድሙ መኪና ተዋሰ። ቅዳሜን እዚያ አድረን እሑድ ልንመለስ ተነሣን። ወለቃ ላይ መንገድ ዳር የተደረደሩ የሸክላ አንበሶች አየችና «አንዱን ግዙልኝ» አለች። «ስንመለስ» አልናት። ከዚያ ሽቅብ ብዙ ከተጓዝን በኋላ ነው ኬላው ላይ ያስቆሙን።

በእኔ ዘመን የልጅ ልደት የሚያከብር አልነበረም። ልጄ ከፒያሳ ኬክ እንግዛ ብላ ነበር። እኔ ኬክ በዚያ መንገድ ተፈረካክሶ ነው የሚደርሰው፣ ዳቦ እጋግራለሁ አልኩ። አንድ ብቻ ግን አልጋገርኩም። እናቴ መንገደኛ ለራሱ ብቻ አይሰንቅም ትል ነበር። መኪና ቆሞ ዳቦ ሲቆረስ ሰው ያልፋል፣ እረኛ ይመጣል፣ የፓርክ ጠባቂ ይቆማል። ለእነሱ ሳይሰጡ መብላት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ አራት ድፎ ጋገርኩ፤ ግማሽ ማዳበሪያ ዳቦ ቆሎም ጨመርኩበት።

«ይኼ ሁሉ ስንቅ ለማን ነው?» አለ ወታደሩ አማቼን።

«የልጄ ልደት ነው።»

«ስንት ሰው ነው የተወለደው?»

አብረውት የቆሙት ሳቁ። አማቼም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ውረዱ አሉን፤ ፈተሹን፤ መልሰው ግቡ አሉን። በአቅራቢያው ወዳለው ከተማ የሄድነው በዚያው መኪና ነው፤ መሪውን የያዘው ግን አማቼ አልነበረም።

ያስገቡን እህል የሌለበት የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። መሐሉ በሳንቃ ተከፍሎ ወንዶቹ በወዲያ፣ ሴቶቹ በወዲህ ነበሩ። ምስማር ተነቅሎ የቀረው ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ያስገባል፤ መሬቱ ላይ ሳንቲም የተበተነ ይመስል ነበር። ወለሉ የገብስ ገለባና የነቀዝ ብናኝ ነው። ደጋ ስለሆነ ነፋሱ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ እግር ይቆረጥማል። ሴቶቹ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠዋል።

ከመካከላቸው አንዲት የገጠር ሴት ተነሥታ ቦታ ለቀቀችልን። አንገቷ በንቅሳት የተሞላ ነው።

«ቤት ለእምቦሳ በሉ እንጂ» አለች። «እኔም እምቦሳ እሰሩ ልበላችሁ። ማሰሩን እንደሆነ እነሱ ችለውታል።»

ተቀመጥን። ጠላ ሻጭ መሆኗን ራሷ ነገረችን። «ጠላ አጠጣሽ ብለው ነው ያመጡኝ። ጠላ ሻጭ ጠላ ካላጠጣች ምን ታጠጣ? አንቺስ እትዬ፣ ምነው?»

«ዳቦ ጋግሬ» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ተወችው።

የልጅ ልጄ ዙሪያውን ስታይ ቆይታ «ጭላዳዎቹ እዚህ ናቸው?» አለች። ልጄ ከኬላው ጀምሮ ከአፏ ቃል አልወጣም ነበር። ከሳንቃው ወዲያ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። ልጅቷ ቀና አለች።

«ያ አባዬ ነው» አለች።

እውነቷን ነበር። አማቼ ብርድ ሲመታው እንዲያ ነው የሚስለው፣ ሁለት ጊዜ፣ እንደሚያፍር ሰው። ከዚያ በኋላ ሳል በሰማን ቁጥር ሦስታችንም ጆሯችንን እንቀስር ነበር።

ለጥያቄ የጠሩኝ ከቀትር በፊት ነው። መርማሪው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጠረጴዛው ላይ አራቱ ዳቦዎቼና ማዳበሪያው ተቀምጠዋል።

«ይቀመጡ እማማ» አለኝ። «ዳቦው የማን ነው?»

«የእኔ ነው። የጋገርኩት እኔ ነኝ።»

«ለማን?»

«ለልጅቷ።»

«አራቱንም እሷ ልትበላ?»

«ለመጣ ሰው ሁሉ ነው።»

እስክሪብቶውን አነሣ። «ማነው የሚመጣው?»

«ማንም ሊሆን ይችላል። ዳቦ ሲቆረስ የደረሰ ሰው ነዋ።»

«የሚደርሰውስ ከየት ነው? ከጫካ?»

ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ በተናገርኩ ቁጥር ግን እየባሰ ሄደ። ይህን ማስረዳት ያስፈልገኛል ብዬ በዕድሜዬ አስቤ አላውቅም። እሱም የዚሁ አገር ሰው ነው፤ በአነጋገሩ አውቄዋለሁ።

«የእርስዎ እናት ለስንት ሰው ነበር የሚጋግሩት?» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ብሎ አልጠራኝም።

«አማችሽ ስንቁ የእኔ ነው ብሏል። ያስጋገርኳት እኔ ነኝ፣ እሷ አሮጊት ናት፣ የምታውቀው ነገር የለም ብሏል።»

«ዋሽቶ ነው።»

«ለምን ይዋሻል?»

«ለእኔ አዝኖ።»

«ለአንቺ ብሎ የዋሸ ለሌላም ብሎ ይዋሻል» አለ።

«እኔን እሰሩኝ። እሱን ልጁ ትፈልገዋለች።»

«ታስረሻል እኮ እማማ» አለኝ፤ ሲናገር ክፋት አልነበረበትም።

ልወጣ ስል ለልጅቷ አንዱን ዳቦ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። «ኤግዚቢት ነው» አለ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ስለ ዳቦ ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ደጃፉ ጋ ደርሼ ሳለ «ነይ» ብሎ ጠራኝና በሳንጃ ክፉኛ የተወጋውን ገፋ አደረገልኝ። «ሦስቱ ይበቃሉ» አለ።

ዳቦውን በነጠላዬ ይዤ ስገባ ሴቶቹ ሽታውን ለዩት። ማንም ግን አልተነሣም። አንዳንዶቹ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ዳቦውን ጭኔ ላይ አኖርኩና ልቆርሰው እጄን ስዘረጋ ልጅቷ ያዘችኝ።

«አባዬ ይቁረሰው።»

በቤታችን ዳቦ የሚቆርሰው አባወራው ነው፤ ሽማግሌ ይመርቃል፣ እሱ ይቆርሳል፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ በዓሉ ለሆነለት ሰው ይሰጣል። ይህን ታውቃለች። ለዚህ ልደቷ ደግሞ አባቷ የመጀመሪያውን ቁራሽ ጭላዳዎቹ ፊት እንደሚሰጣት ነግሯት ነበር። እኔም እጄን ሰበሰብኩ። ይህች ልጅ በዚያ ቀን ከተባለላት ነገር ሁሉ የቀራት ይኼው አንዱ ነበር።

ወደ ጠላ ሻጯ ዞር ብዬ «አባወራው እስኪመጣ ብንቆይ ይከፋችኋል?» አልኳት።

«ሆዴ ሲያጉረመርም አትስሚው እትዬ» አለች። «ሸጋ ነው። እንቆያለን።»

ተነሥቼ በሩን አንኳኳሁ። ዘቡ ከፈተ፤ ጢሙ ገና ያልወጣ ልጅ ነው።

«ልጄ፣ የዚህችን ልጅ አባት አንድ ጊዜ በር ላይ አምጣልኝ። ዳቦውን ይቁረስና ይመለስ።»

«አይቻልም እማማ።»

«አንተው ይዘኸው ቁም።»

«አይቻልም አልኩ እኮ!»

ሲናገር የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ዳቦውን ነው። በሩን ዘጋው።

ቆየን። በምስማሩ ቀዳዳ የገባው ብርሃን ከወለሉ ተነሥቶ ሳንቃውን ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ልጅቷ ዳቦው ላይ ያሉትን የሳንጃ ቀዳዳዎች በጣቷ ትነካካለች። ከውጭ የከባድ መኪና ድምፅ መጥቶ ደጅ ላይ ቆመ። ጠላ ሻጯ ዓይኖቿን ወደ መሬት አደረገች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ወስዶ የማይመልሰው ነው» አለች ቀስ ብላ።

ከሳንቃው ወዲያ ስም መጥራት ጀመሩ። የአማቼን ስም ከነአባቱ ስም ሰማሁት። ልጄ ተነሣችና መዳፏን ሳንቃው ላይ አደረገች። እንደዚያ እንደ ቆመች ቀረች። ምን ልበላት? እናቷ ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ልሠራላት የምችለው አንድም ነገር አልነበረም።

የልጅ ልጄ ከእቅፌ ወርዳ አፏን ሳንቃው ስንጥቅ ላይ ለጠፈች።

«አባዬ! ዳቦው አልተቆረሰም!»

ስም ጠሪው መጥራቱን አቋረጠ። ከዚያ የአማቼ ድምፅ ከቅርብ መጣ።

«እኔ እዚህ ሆኜ ልመርቀው። እምዬ ትቁረሰው፣ እሺ?»

«እሺ።»

አማቼ ምርቃት አያውቅም። የበዓል ዕለት ተራው እንዳይደርሰው ወደ ጓዳ የሚገባ ሰው ነው። «እደጊ» አለ። «እደጊልኝ…» ቀጥሎ ምን እንደሚባል ጠፋው። ያን ጊዜ ከወዲያ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ተቀበለለት።

«እደጊ ተመንደጊ!»

«አሜን!» አሉ ወንዶቹ።

«ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ!»

«አሜን!»

«አባትሽን በደኅና ያገናኝሽ!»

«አሜን!» አልን፣ በወዲህም በወዲያም ያለነው። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ከውጭ በሰደፍ እየደበደቡ «ዝም በሉ! ዝም!» አሉ። አሜኑ ግን ወጥቷል።

መቆለፊያ ሲከፈት ሰማን። እግር ሰማን። የመኪናው የኋላ መዝጊያ ሲወርድና ሲዘጋ፣ ከዚያ ያንን ሳል ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሞተሩን። ልጄ ሳንቃውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ዳቦውን ቆረስኩ። የመጀመሪያውን ለልጅቷ ሰጠኋት። ለእናቷ ሰጠሁ፤ አልበላችም፣ ግን ያዘችው። ለሴቶቹ ሁሉ አደረስኩ። ጠላ ሻጯ ተቀብላ ሳመችው። በመጨረሻ አንድ ቁራሽ ይዤ ተነሣሁና በሩን አንኳኳሁ።

«ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ዘቡ።

«ያንተ ነው።»

«እኔ አልጠየቅሁም።»

«መጥተሃላ» አልኩት።

ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ እናቱ እንዳስተማረችው በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ጠመንጃው ከትከሻው እስከ ክንዱ ተንሸራተተ። በሩን ዘጋው። ይብላው፣ ይጣለው፣ አላየሁም።

እኛን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሂዱ አሉን። ምክንያቱን የነገረን የለም። በሚኒባስ ስንመለስ ወለቃ ላይ የሸክላ አንበሶቹ እንደተደረደሩ ነበሩ። ልጅቷ አየቻቸው። ግዙልኝ አላለችም።

አማቼ ያለበትን ለማወቅ ብዙ ደጅ ጠናን። አሁን ማረሚያ ቤት ውስጥ መሆኑን አውቀናል፤ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ቀጠሮው ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ይወልዳል። ሁልጊዜ እሑድ በዘንቢል ስንቅ እናደርስለታለን። ፈታሹ ወጡን እኔን ያስቀምሰኛል፤ ዳቦውንም በቀጭን ብረት ይወጋዋል። ቆሜ አያለሁ። የሚፈልገውን ሁሉ ይወጋል እንጂ እንዲቆርሰው ግን አልፈቅድለትም፤ «ባለቤቱ ይቁረሰው» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ይቆጣኝ ነበር፤ አሁን ለምዶኛል።

የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። አማቼም ዳቦውን በእጁ ቆርሶ፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ በላስቲክ ጠቅልሎ በዘንቢሉ ታች መልሶ ይልክልናል። የቀረውን ከማን ጋር እንደሚበላው አንድ እሑድ በአጥሩ ላይ ጮኼ ጠይቄው ነበር። ከወዲያ በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት።

«ከመጣው ሁሉ ጋር!» አለኝ።

ልጅቷ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ የዳቦውን ልብ ብቻ ነው የምትበላው። ስለ ጭላዳ ጠይቃን አታውቅም። ከበሩ ወጥተን ዘንቢሉን ሳቀብላት ግን አትከፍተውም። መጀመሪያ ከታች በእጇ ትደግፈዋለች፣ ቁራሹ ኖሮ ይከብድ እንደሆነ። እኔም ፊቷን እያየሁ እቆማለሁ።