ናፍታ የጠጣው በር

ልጅ ሳለሁ ተረት የጠገብኩት አሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ፣ የወንበሩ ሽቦ ቂጤን እየወጋኝ ነው። ያኔ አሶሳ ገና የክልል ከተማ መባሏ ነበርና ትናንት ሣር የበቀለበት ቦታ ዛሬ ቢሮ ይከፈትበታል፣ ሰው ሁሉ ወረቀት ይዞ ይሮጣል። ሥራ ያጣ ሾፌር ግን እኛ ቤት ነበረ። ከወለጋ ይዞን የመጣው አባቴ ይነዳበት የነበረው እርሻ ተዘግቶ፣ በእጁ የቀረችው ሰባት ክረምት ማንጎ ሥር የቆመች አንዲት መኪና ብቻ ነበረች።

ሞተሯን እንደ ምንም አስነሳትና፣ ወደ ኩርሙክ ዕቃ የሚያመላልስ መኪና ለሚፈልግ አንድ አዲስ ቢሮ ወስዶ አሳያት። የሚመረምረው ሰውዬ በተሳፋሪው በኩል ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ከዚያ መውጣት አቃተው። እጀታው ዝጓል፣ መስታወቱ አይወርድም፣ ፀሐዩ ደግሞ የአሶሳ ፀሐይ ነው። በማርሹ ላይ ተንፏቆ በሾፌሩ በር ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ይጨመቅ ነበር። አብሬ ሄጄ ስለነበር ሳቄን በሁለት እጄ አፈንኩት።

«ይህ በር ከውስጥ ካልተከፈተ፣ መስታወቱም ካልወረደ አልቀበልህም። አርብ ጠዋት አምጣት» አለው።

ሳቄ ቤት ስንደርስ ጠፋ። አባቴና እናቴ ሲመካከሩ በቀርከሃው ግድግዳ በኩል ሰማኋቸው። ሥራው ካልተገኘ እሱ ሱዳን ሊሻገር፣ እሷ ጡት የሚጠባውን ወንድሜን ይዛ ወለጋ ልትመለስ፣ እኔ ደግሞ ባምባሲ ላለች ዘመድ ልሰጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያንን በር እንደ ሰው አየው ጀመርኩ፤ ማንም ሳያየኝ እየሄድኩ እለምነው ነበር።

ሐሙስ ቀን አባቴ የውስጥ እጀታውን በፒንሳ ጨምቆ ሲጎትት ከሥሩ ቀነጠሰው። ቁራጩን ይዞ መሬት ላይ ዘፍ አለ። እናቴ ጎረቤታችንን አባባ ኢድሪስን ልትጠራ ሄደች። የበርታ ሰው ናቸው፣ በወጣትነታቸው ሱዳን ውስጥ ሎሪ ሥር ተኝተው ሥራ የተማሩ፤ አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። በሩን ዳሰሱት፣ አሸተቱት።

«እጀታ ችግር የለም፣ እኔ ቤት ቁራጭ አለ» አሉ። «ይሄ መስታወት ማዞሪያ ግን ከተሰበረ አዲስ አበባ ነው ያለው። እሱ ሳይወጣ ላሜራው አይነሳም፤ ላሜራ ሳይነሳ ውስጥ ያለው ቁልፍ አይገኝም።»

«በመዶሻ ቀስ አድርጌ ብነካካው?» አለ አባቴ።

«ለተጠማ ሰው መዶሻ ይሰጣል? ናፍታ ይጠጣ። ሶብር አድርግ፣ ታገስ።»

የሳቸው ሥራ ሰዓት የለውም፤ ሰዓቱ ተረት ነው። ናፍታ የነከሩትን ጨርቅ ብሎኑ ላይ ይለጥፋሉ፣ ተረት ይጀምራሉ፣ ተረቱ ሳያልቅ ካቻቪቴ አይነሳም። ሲያልቅ የብሎኑን አናት በእሾህ ይጠርጉና መጀመሪያ ጥቂት ያጠብቁታል፤ ቂቅ ሲል ወደ ኋላ ይፈቱታል። እኔ በባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ እቀበላለሁ። ስድስት ብሎን፣ ስድስት ተረት። አባቴ በመኪናዋ ዙሪያ ይንጎራደዳል፤ «ሽማግሌው ቁጭ አድርገው ሊያሳብዱኝ ነው» ይላታል እናቴን።

ረጅሙን ተረት ለማዞሪያው አስቀምጠውለት ነበር። ማዞሪያውን የያዘችው ከሥሩ የተሰካች መርፌ የምታህል ብረት ናት፤ ዝገት ውጧታል። ተረቱም እንዲህ ነበር፦ አይጥ ቀርከሃ ውስጥ የተቀመጠ ማሽላ ልትሰርቅ ገባች፣ በልታ በልታ ወፈረችና መውጣት አቃታት። ወንድሟ ጅራቷን ይዞ ቢጎትት ጅራቷ ተበጥሶ እጁ ላይ ቀረ። ይሄኔ ኤሊ መጣ። ኤሊ ሲመጣ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ አባባ ኢድሪስም «መጣሁ» ብለው፣ የእጃቸውን ናፍታ በአመድ ታጥበው ሊሰግዱ ሄዱ።

እናቴ ኩራዝ ለኩሳ፣ ከናፍታው አርቃ ጉቶ ላይ አስቀመጠች። ለወባ ትንኝ የተጫጫሰው የኩበት ጭስ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ዓይኔን ያቃጥለኛል። አባቴ መዶሻውን አነሳ።

«ውረጂ» አለኝ።

«አባዬ፣ ተረቱ አላለቀም።»

«ኢንተላ ኮ» አለ በኦሮምኛ፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ «ነገ አርብ ነው። ውረጂልኝ።»

ሁለት እጄን ማዞሪያው ላይ ጠቀለልኩ። ቢመታ ጣቴን ነው። የምለው ጠፍቶኝ «ኤሊው መጣና ቀርከሃው አፍ ላይ ቁጭ አለ» አልኩ። መጨረሻውን የት አውቄው። ግን ኤሊው ለአይጧ ወሬ ማውራት ጀመረ አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ኤሊው አወራ። ጅብ አስገባሁ፣ ጅቡን ዳቡስ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት፤ ያንን መርማሪ ሰውዬ ጦጣ አድርጌ ጋቢና ውስጥ ቆለፍኩበት። እንባዬ ከንፍጤ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል፣ እኔ አላቆምም። አባቴ መዶሻውን እንደያዘ መርገጫው ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን ሰጥቶኝም፣

«ከዚያስ?» አለ።

ከዚያማ አይጧ ስታዳምጥ መብላት ረሳች፣ በየቀኑ ከሳች፣ አንድ ጠዋት ያለ ጅራቷ ሾልካ ወጣች። ቤቷ ስትገባ እናቷም አባቷም እዚያው ነበሩ።

ቀና ስል አባባ ኢድሪስ ከሶላት ተመልሰው ቆመዋል። ከማዞሪያው ሥር ያለውን ክብ ብረት ወደ ውስጥ ተጫኑና ትንሿን ብረት በቀጭን ምስማር ገፋ አደረጓት። ሳትሰበር ወጥታ ቆርቆሮዬ ውስጥ ቃጭ አለች። አባቴ ፊቱን ወደ ማንጎው አዙሮ በክንዱ ጠረገ።

በዚያው ሌሊት ላሜራው ተነሳ፣ የውስጡ ቁልፍና የመስታወቱ ማንሻ ናፍታ ጠጡ፣ የአባባ ኢድሪስ ቁራጭ እጀታ ተገጠመ። አርብ ጠዋት ሰውዬው ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ መስታወቱን አወረደ፣ ከፍቶ ወጣ። አባቴ የኩርሙክ መንገድ ሰው ሆነ። እኔም ባምባሲ የሄድኩት ለሠርግ ብቻ ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ «አባባ፣ የዚያ ተረት እውነተኛ መጨረሻው እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በኔ ተረት አይጥ አይወጣም» አሉ። «እዚያው ይሞታል። አንተ ነህ ያወጣኸው።»

እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ብዙ የማውቀው ነገር የለኝም። ያ ጡት ይጠባ የነበረው ወንድሜ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ልጆቹ ነገር ሲጠናባቸው እየሮጡ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። እኔም እስኪያፍሩ ድረስ ጮክ ብዬ እስቅና፣ አስቀምጬ ተረት እጀምርላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ መጨረሻውን አላውቀውም። እነሱ ተረት የማወራ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ሁለት እጄን ማዞሪያው ላይ እንደጠቀለልኩ ነኝ።