በላይዋ ያላለፈው አውሮፕላን

መርዶውን የሰማሁት አርብ ከሰዓት ነው። ለሥራ በመጣሁበት ዐረብ አገር አሠሪዎቼ የሚለቁኝ በዚያ ሰዓት ብቻ ነበር። የወሎ ሴቶች በምንሰበሰብባት ጠባብ ክፍል ስገባ ሁሉም ቀድመውኝ ተቀምጠዋል፤ ቴፑ ጠፍቷል፤ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። ወዲያው ገባኝ። በዕድሜ የምትበልጠን ሴት እጄን ይዛ እናቴ ወደ አኼራ መሄዷን ነገረችኝ። ከተቀበረች ወራት አልፈው ነበር። ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ወገኖቼ የሚያረዳኝ ሰው እስኪያገኙ፣ በደወልኩ ቁጥር ሰበብ እየፈጠሩ ደብቀውኛል።

እያለቀስኩ ሳለ ከኮምቦልቻ በቅርቡ የመጣች የሰፈራችን ልጅ ልታጽናናኝ አጠገቤ ተቀመጠች። እናቴ እስከ መጨረሻዋ ድረስ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እኔን ታነሣ እንደነበር ነገረችኝ።

«ልጄ በላዬ ስታልፍ በዓይኔ አይቻታለሁ ትል ነበር። ያን ቀን ባነጠፈችልሽ አቡጀዲ ነው የተከፈነችው።»

እንባዬ ቆመ። ያ አውሮፕላን በእናቴ ላይ አላለፈም። ውስጡ ነበርኩና አውቃለሁ።

ቤታችን ኮምቦልቻ ዳር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ማረፊያው ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሻንጣ ያወርዳል፣ ሜዳው ላይ የገቡ ከብቶች ያባርራል። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ፓስፖርቴ ደርሶ ቲኬቴ የተቆረጠ ሰሞን፣ የምሄድበት ትልቁ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ልክ በእኛ ላይ እንደሚያልፍ ነገረን። እውነቱን ነበር፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ከፍ ብሎ ነጭ መስመር እያሰመረ ሲሄድ እናየው ነበር። እናቴ ግን አብራሪው መንገዱን ቢስትስ ብላ ሰጋች። አጎቴ መንገዱ አስቀድሞ መሣሪያው ላይ እንደሚሞላ፣ ከዚያ ወዲያ አውሮፕላኑ ራሱን በራሱ እንደሚነዳና ዝንፍ እንደማይል አስረዳት።

«የሐረጎ ሾፌር መሰለሽ እንዴ፣ እታለም?»

ከደሴ በተመለሰች ቁጥር በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሆዷ ይገለበጥ ስለነበር ቀልዱ ለማን እንደሆነ ገባት።

«ታዲያ ሰውዬው ምን ሊሠራ እዚያ ተቀመጠ? ደሞዝ ሊበላ?»

ይህን ብትልም አመነችው። በነጋታው ከሣጥኗ ደሴ ሰኞ ገበያ የገዛችውን ነጭ አቡጀዲ አወጣች። በእኛ ዘንድ አረጋውያን ከፈናቸውን በጤናቸው ገዝተው ያስቀምጣሉ፤ ይህም የሷ ነበር። በምሄድበት ቀን ዳገቱ ላይ ልታነጥፈው፣ እኔም ከላይ ሆኜ በእሱ እንድለያት ወሰነች። ደነገጥኩ።

«እማ፣ የከፈን ጨርቅ ለመንገደኛ ይነጠፋል እንዴ?»

«ከዚህ የነጣ ምን አለኝ? አላህ ፊት የምቀርብበት ጨርቅ ላንቺ ያንስሻል?»

እኔ ነገር ሁለት ጊዜ ካላጣራሁ የማልረጋ ሰው ነኝ። ኮምቦልቻና ደሴ በየትኛው ወገን እንደሚታዩ አጎቴን ጠይቄው ነበርና፣ አውሮፕላኑ ውስጥ አንዷን ልጅ ለምኜ በግራ በኩል መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ቀበቶዬን ፈትሼ፣ ደግሜ ፈትሼ፣ ዱዓዬን አድርጌ ግንባሬን ከመስተዋቱ ለጠፍኩ። ከደሴ ማዶ ያለውን የሐይቅን ውኃ ካየሁ ቤታችንን አልፌያለሁ ማለት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ተራራ ሁሉ በዓይኔ ልለቅም ተዘጋጅቼ ነበር።

ጥቂት እንደሄድን አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ አዘነበለ። በመስኮቴ ሰማይ ብቻ ታየኝ። ሲቃና ከሥሬ ተራራ አልነበረም፤ የተቃጠለ የመሰለ ቡናማ ሜዳና እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ነበር። የአፋር ምድርና የአዋሽ ዳርቻ መሆኑን ከልጅነቴ ሲወራ ከሰማሁት ለየሁት። ወሎ ሊሆን በሚገባው በግራ በኩል ጥቁር ዳመና እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ውስጡ መብረቅ ብልጭ ይላል። አስተናጋጇን ጠርቼ ለምን ከመንገዳችን እንደወጣን ጠየቅኳት። ገረማት መሰለኝ፣ ሄዳ ጠይቃ ተመለሰችና ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጎንበስ አለች።

«አትፍሪ እህቴ፤ ካፒቴኑ ዳመናውን በዳር ሊያዞረን ነው። ስናልፈው መልሶ መስመሩ ውስጥ ያስገባዋል።»

አልፈራሁም። ከዚያ ዳመና ሥር አንዲት እናት ነጭ ጨርቅ አንጥፋ እንደምትጠብቅ እንዴት አድርጌ ልንገራት? አመስግኜያት ግንባሬን መልሼ ከመስተዋቱ ለጠፍኩ። ወደ መስመሩ ስንመለስ ከሥራችን ያለው ባሕር ነበር።

መጀመሪያ በስልክ ያገኘኋት ቴሌ በቀጠሮ አስጠርቻት ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ፤ «አየሁሽ፤ ክንፉን ዘንበል አደረገልኝ» አለች። አልሐምዱሊላህ ከማለቴ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላም በደወልኩ ቁጥር ይህንኑ ታነሣልኝ ነበር። አንዳንዴ ሌላ አውሮፕላን አይታ ይሆናል እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳታይ እኔ እንዳልከፋ ብላ ይሆናል እላለሁ። ለሁለት ዓመት ብዬ መጥቼ ስንት ዓመት ሆነኝ። የአሠሪዎቼ ማድቤት መስኮት ወደ ሰማይ ነው፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ሳህኑን በእጄ እንደያዝኩ እቆማለሁ። በዚህ ቤት ስለዚያ ቀን የምጠይቀው ሰው የለም። አጎቴም ከእናቴ ቀድሞ አርፏል።

እናንተ ያን ቀን ዳገቱ አካባቢ የነበራችሁ የሰፈራችን እናቶች፣ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ ወይም ያነበበላችሁ ሰው ካለ፣ በአላህ ይሁንባችሁ ንገሩኝ። ዝናቡ እናንተም ጋ ደርሶ ነበር? ሰማዩ ላይ የታየ ነገር ነበር? ወይስ ጨርቁ ረጥቦባት አጣጥፋው ገባች? ልታጽናኑኝ ብላችሁ አትሸፍኑልኝ። ካየች፣ አየች በሉኝ። ካላየችም እኔ በመስኮቱ ስፈልጋት እሷም በዚያው ሰዓት ስትፈልገኝ ነበር ማለት ነውና እሱን ይዤ እኖራለሁ። አጠገቧ ማንም ካልነበረም፣ ብቻዋን ነበረች በሉኝ።